ከኮት ሥር የሚታጠቅ ሽጉጥ፦ የናይሮቢ ነዋሪ ምርጫ፣ ሕጉና ሥጋቱ

እአአ ኤፕሪል 30 ቀን 2025 ምሽት በናይሮቢ ንጎንግ ጎዳና፣ መኪና ውስጥ ተቀምጠው የነበሩት የካሲፑል የምክር ቤት አባል ቻርልስ ዌሬ በጥይት ተመትተው ተገደሉ። ፖሊስ እንዳስታወቀው ገዳዩ ሞተር ሳይክል ላይ ተፈናጥጦ መጣ፤ ወርዶ በእግሩ ወደ መኪናው ተጠጋ፤ ተኮሰ፤ ከዚያም በመጣበት ሞተር ሳይክል ተሰወረ። የምክር ቤት አባሉ ሕይወታቸው አደጋ ላይ መሆኑን አስቀድመው ተናግረው ነበር።

እንዲህ ያለ ግድያ በተፈጸመ ቁጥር በኬንያ መዲና ጥሬ ገንዘብ በሚያንቀሳቅሱ ነጋዴዎች፣ በጠበቆችና በፖለቲከኞች ዘንድ አንድ ጥያቄ ይመላለሳል። ሽጉጥ መታጠቅ ያዋጣል? ቢያዋጣስ የትኛውን? ጥያቄው ላይ ላዩን የዕቃ ምርጫ ይመስላል። በተግባር ግን ከመሣሪያው ዓይነት ይልቅ የታጣቂው አኗኗር፣ አለባበሱ፣ የእጁ ልምምድና የአገሩ ሕግ የሚወስኑት ጉዳይ ነው። የንጎንግ ጎዳናው ግድያ ራሱ የሚያስታውሰው ነገር አለ። መንገድ በተዘጋጋበት ሰዓት፣ በመቀመጫ ቀበቶ ታስሮ ለተቀመጠ ማንኛውም ሰው ኮቱን ገልጦ ከወገቡ ሽጉጥ መምዘዝ ሰከንዶች ይወስድበታል። በእግሩ ተጠግቶ ለሚተኩስ ነፍሰ ገዳይ እነዚያ ሰከንዶች ከበቂ በላይ ናቸው።

በሕጋዊ መንገድ የሚታጠቁት ኬንያውያን ቁጥር ብዙ አይደለም። ስሞል አርምስ ሰርቬይ የተባለው መቀመጫውን ጄኔቫ ያደረገ የጥናት ተቋም በ2017 የነበረውን ሁኔታ መሠረት አድርጎ ባወጣው ግምት፣ በኬንያ በሲቪሎች እጅ 750,000 ያህል የጦር መሣሪያዎች ነበሩ። ከእነዚህ ውስጥ የተመዘገቡት ከ8,000 ብዙም አይበልጡም። ቀሪው ከድንበር የገባ፣ ከከብት ዘራፊዎችና ከወንጀለኞች እጅ ያልወጣ፣ መዝገብ የማያውቀው ነው። ተቋሙ ለሶማሊያ ከ1.1 ሚሊዮን በላይ፣ ለኢትዮጵያ ደግሞ 377,000 ገምቷል። የኢትዮጵያን ገጠር የሚያውቅ ሰው ይህ የመጨረሻው አኃዝ አንሶ ቢታየው አያስገርምም።

የኬንያ ሕግ መነሻው መታጠቅ መብት አለመሆኑ ነው። ዛሬም በሥራ ላይ ያለው የጦር መሣሪያ ሕግ በቅኝ ግዛት ዘመን፣ የማው ማው አመፅ በተፋፋመበት በ1950ዎቹ መጀመሪያ የወጣ ነው። ዓላማውም መሣሪያ በማን እጅ እንደሚገባ መንግሥት እንዲቆጣጠር ማድረግ ነበር። አመልካቹ ለመታጠቅ በቂ ምክንያት ማቅረብ ይጠበቅበታል። መጠጥ የሚያበዛ፣ የአእምሮ ጤና እክል ያለበት ወይም በሌላ ምክንያት መሣሪያ ሊታመን የማይችል ሰው ፈቃድ አያገኝም። ከ2014ቱ የጸጥታ ሕጎች ማሻሻያ ወዲህ ውሳኔው ከፖሊስና ከስለላ አገልግሎት ጭምር የተውጣጣ የፈቃድ ሰጪ ቦርድ ሆኗል። የምስክር ወረቀቱ በጥቅሉ “ሽጉጥ መያዝ ይችላል” ብሎ የሚያልፍ አይደለም፤ የትኛው መሣሪያ እንደሆነና ምን ያህል ጥይት መያዝ እንደሚፈቀድ ለይቶ ያሰፍራል።

ፈቃዱን ያገኘ ሰው ታዲያ ሱቅ ገብቶ ምን ይመርጣል? በናይሮቢ ዜናዎችና የፍርድ ቤት መዝገቦች ደጋግመው የሚነሱት ስሞች ጥቂት ናቸው፦ የቼክ ስሪቱ ቼስካ፣ የኦስትሪያው ግሎክ፣ የእስራኤሉ ጄሪኮ። በኢትዮጵያና በሶማሊያ አንጋፋው የሶቪየት ማካሮቭ ከሁሉም በላይ ይታወቃል። በመካከላቸው ያለው ልዩነት የስም ጉዳይ ብቻ አይደለም።

የመጀመሪያው ክርክር የመጠን ነው። ሙሉ መጠን ያለው ግሎክ 17 በካዝናው 17 ጥይት ይይዛል። እጀታው እጅ ስለሚሞላ ሲተኮስ አይንፈራገጥም። ይሁን እንጂ ሸሚዝ ለብሶ ለሚውል ሰው መደበቁ ፈተና ነው። ታናሽ ወንድሙ ግሎክ 19 ሁለት ጥይት ቀንሶ ርዝመቱንም አሳጥሮ ይመጣል፤ በመላው ዓለም ተደብቀው ከሚታጠቁ ሽጉጦች እጅግ ከተለመዱት አንዱ የሆነው በዚሁ ማዕከላዊ መጠኑ ነው። ከ2015 ወዲህ ደግሞ እንደ ግሎክ 43 ያሉ፣ ስድስት ጥይት ብቻ የሚይዙ ስስ ሽጉጦች ገበያውን አጥለቅልቀውታል። ሻጮች እነዚህን “ለመታጠቅ ምቹ” ይሏቸዋል፤ እውነትም ነው። ሳይናገሩ የሚያልፉት ግን ትንሽ ሽጉጥ ለመተኮስ ከባድ መሆኑን ነው። ቀላል ስለሆነ በእጅ ውስጥ ይዘላል፤ አፈሙዙ አጭር በመሆኑ የአነጣጠር ስህተትን ያጎላል። ብዙ ያልተለማመደ ሰው ትንሹን የሚመርጠው ቀላል ስለመሰለው ነው፤ በአግባቡ ለመጠቀም ረጅም ልምምድ የሚሻው ግን ይኸው ትንሹ ነው።

የአየር ጠባይም በምርጫው ውስጥ አለ። ናይሮቢ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ኮትና ጃኬት የዕለት ልብስ ናቸው። በሞምባሳ ወይም በጅቡቲ ሙቀት ግን በቀትር ጃኬት የደረበ ሰው ራሱ ምልክት ነው። የመደበቅ ጉዳይ ደግሞ የይምሰል አይደለም። ሽጉጡ የታየበት ሰው በሌባ ዓይን የሚዘረፍ ውድ ዕቃ የያዘ ሰው ነው፤ በአጥቂ ዓይን ደግሞ ቀድሞ መመታት ያለበት ነው።

ሁለተኛው ክርክር የምላጩ ነው። ማካሮቭ በጎኑ የሚታይ የደኅንነት መቆለፊያ አለው፤ ጥይት ጎርሶ መዶሻው ካልተወጠረም የመጀመሪያውን ተኩስ ለመተኮስ ምላጩ ጠንካራ ስበት ይጠይቃል። ግሎክ እንዲህ ያለ ውጫዊ መቆለፊያ የለውም፤ መከላከያዎቹ በውስጡና በምላጩ ላይ ናቸው። ጣት ምላጩን እስካልነካ ድረስ አይተኩስም፤ ከነካው ግን ሌላ የሚያግደው የለም። በዚህ ምክንያት ሽጉጡን ለመግዛት ብዙ ያወጣ ሰው በአፎቱ ላይ የሚቆጥብ ከሆነ የተሳሳተ ቦታ ላይ ቆጥቧል። ምላጩን ሙሉ በሙሉ የማይሸፍን ልፍስፍስ አፎት፣ ወይም ያለ አፎት በቀበቶና በሱሪ መካከል መሻጥ፣ የራስን ጭን ከመምታት አንድ እርምጃ ብቻ የራቀ ነው። የሸሚዝ ጫፍ ወይም የጃኬት ማጥበቂያ ገመድ ምላጭ ውስጥ መግባቱ በቂ ነው።

አንዳንዶች ይህን ፈርተው ጥይት ያልጎረሰ ሽጉጥ ይታጠቃሉ። ምክንያታቸው ይገባል። ነገር ግን በድንገተኛ ጥቃት ጊዜ ጥይት ለማጉረስ ሁለት እጅ ያስፈልጋል፤ አንዱ እጅ ደግሞ አጥቂን በመከላከል፣ ልጅን በመያዝ ወይም መሪ በመጨበጥ ሊጠመድ ይችላል። ጎርሶ ለመታጠቅ የማይደፍር ሰው ያለበት ችግር በሌላ ዓይነት ሽጉጥ የሚፈታ አይደለም፤ ልምምድ ይጎድለዋል፣ ወይም ለመታጠቅ ገና አልቆረጠም።

የጥይቱን ዓይነት በተመለከተ ዛሬ ብዙም ክርክር የለም፤ ዘጠኝ ሚሊ ሜትሩ አሸንፏል። የሚቀረው ጥያቄ ጥይቱ የት ይቆማል የሚለው ነው። በጊኮምባ ገበያ ወይም በታጨቀ ማታቱ አጠገብ የሳተ ጥይት፣ አንዳንዴም ዒላማውን የመታ ጥይት፣ አልፎ ሄዶ ሌላ ሰው ያገኛል።

የሲቪል ሽጉጥ ደጋፊዎች ሁልጊዜ የሚጠቅሱት አንድ ቀን አለ። ሴፕቴምበር 21 ቀን 2013 የአልሸባብ ታጣቂዎች በናይሮቢ ዌስትጌት የገበያ ማዕከል ውስጥ 67 ሰዎችን ገደሉ። የተደራጀው የመንግሥት ኃይል ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ወደ ሕንፃው ከገቡት መካከል ፈቃድ ያላቸው ሲቪሎችና ተራ ልብስ የለበሱ ፖሊሶች ይገኙበታል። ከእነዚያ አንዱ አብዱል ሃጂ ነበሩ። ወንድማቸው ውስጥ መታገታቸውን ሰምተው፣ አንድ ሽጉጥ ታጥቀው ደረሱ፤ በርካታ ሰዎችንም ለማስወጣት ረዱ። አንዲት ትንሽ ልጅ ወደ እሳቸው ስትሮጥ የሚያሳየው ፎቶግራፍ ዓለምን ዞሯል። ሃጂ ከዓመታት በኋላ የጋሪሳ ሴናተር ሆነዋል።

ይህ ታሪክ እውነት ነው፤ ግማሹ ግን ነው። በዚያው ቀን፣ በዚያው ሕንፃ ውስጥ የፖሊስ ልዩ ኃይል አዛዥ የተገደሉት በአጥቂዎች ሳይሆን በኬንያ መከላከያ ወታደሮች ጥይት መሆኑ በስፋት ተዘግቧል። የደንብ ልብስ የለበሱ፣ ሥልጠና ያላቸው ሁለት ኃይሎች ካልተለያዩ፣ ጂንስና ሸሚዝ ለብሶ ሽጉጥ የመዘዘ ሲቪል ከአጥቂው በምን ይለያል? ይህን ጥያቄ የትኛውም የሽጉጥ ዓይነት አይመልሰውም። ታጣቂው ፖሊስ ሲደርስ መሣሪያውን መልሶ አፎት ውስጥ የመክተትና ባዶ እጁን የማሳየት ልምድ ከሌለው፣ ከወንበዴው ተርፎ በሕግ አስከባሪው ሊመታ ይችላል።

ከዌስትጌት በኋላ በኬንያ የፈቃድ ፍላጎት ትኩረት ሳበ፤ የፈቃዱ ሥርዓት ጉድለትም አብሮ ታየ። በዲሴምበር 2018 በወቅቱ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት ፍሬድ ማቲያንጊ ፈቃድ ያላቸው ሲቪሎች ሁሉ በ90 ቀናት ውስጥ እንደገና ቀርበው እንዲጣሩ አዘዙ። ፈቃዶች ለማይገባቸው ሰዎች መድረሳቸው ነበር ምክንያቱ። ማጣራቱ ግን ሁሉንም አልፈታም። በጃንዋሪ 2020 በናይሮቢ አንድ የምሽት ክበብ ውስጥ ሙዚቃ አጫዋች በሽጉጥ ተመትቶ ለከባድ ጉዳት ተዳረገ፤ አንድ የምክር ቤት አባልም ተከሰሱ። የግድያ ሙከራው ክስ ተቋረጠ፤ በመሣሪያ አያያዝ በቀረበባቸው ክስ ደግሞ በ2023 መጨረሻ በማስረጃ እጥረት ነፃ ወጡ። ከፍርዱ ውጤት ውጪ አንድ ነገር ግልጽ ነው፦ መጠጥና ሽጉጥ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሲገናኙ ሕጉ የሚደርሰው ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ነው።

በጎረቤት ኡጋንዳ ያለው ልምድ ሌላ ጥርጣሬ ይጨምራል። በጁን 2018 የምክር ቤት አባሉ ኢብራሂም አቢሪጋ ከጠባቂያቸው ጋር በሞተር ሳይክል በመጡ ታጣቂዎች ተገደሉ። በጁን 2021 በጄኔራል ካቱምባ ዋማላ ላይ በተመሳሳይ መንገድ የተሰነዘረው ጥቃት ልጃቸውንና ሾፌራቸውን ገደለ፤ ጄኔራሉ ቆስለው ተረፉ። በሜይ 2023 ደግሞ ሚኒስትር ዴኤታ ቻርልስ ኤንጎላ በገዛ ጠባቂያቸው ተገደሉ። ፕሬዚዳንት ሙሴቬኒ ከአቢሪጋ ግድያ በኋላ ካወጧቸው እርምጃዎች አንዱ የጠመንጃዎች ሁሉ የተኩስ አሻራ እንዲመዘገብ ነበር። አጥቂው ጊዜውንና ቦታውን በሚመርጥበት ሁኔታ የታጠቀ ጠባቂ እንኳ የማያድን ከሆነ፣ በወገብ ያለ አንድ ሽጉጥ የሚያድነው በጠባብ ሁኔታ ነው፦ ጥቃቱ አስቀድሞ ሲታይ፣ ርቀቱ ሲፈቅድ፣ መሸሺያ ሲጠፋ።

በኢትዮጵያ ምርጫው ከሕጋዊ ሱቅ ይልቅ ከጥቁር ገበያ ጋር የተሳሰረ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1177 የጦር መሣሪያ ፈቃድና ምዝገባን በአንድ ሥርዓት ሥር ለማስገባት ቢሞክርም፣ ከዚያ ወዲህ የተከተሉት ግጭቶች ተቃራኒውን ገፍተዋል። በፍተሻ ጣቢያዎች ተያዙ ተብለው ከሚታዩት መሣሪያዎች መካከል “የቱርክ ሽጉጥ” የሚባለው ይደጋገማል። ከእነዚህ ብዙዎቹ በመሠረቱ ድምፅ ብቻ እንዲያሰሙ የተሠሩ፣ በኋላ አፈሙዛቸው ተቦርቡሮ እውነተኛ ጥይት እንዲተኩሱ የተቀየሩ ናቸው። የተሠሩበት ብረት ለዚያ ግፊት የታሰበ አይደለም። ገዢው ርካሽ ሽጉጥ የገዛ ይመስለዋል፤ የገዛው በእጁ ላይ ሊፈነዳ የሚችል ነገር ነው።

በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ጉዳይ ደግሞ በተቃራኒው አቅጣጫ ሄዷል። በጁን 2022 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በስድስት ለሦስት ድምፅ የኒው ዮርክን “በቂ ምክንያት አቅርብ” የሚል መስፈርት ውድቅ ሲያደርግ፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ሜሪላንድም በሚቀጥለው ወር ተመሳሳይ መስፈርቷን ተወች። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ሱቅ ያለው ሰው ዛሬ ለምን መታጠቅ እንደፈለገ ማስረዳት አይጠበቅበትም፤ ሥልጠናውንና የጀርባ ታሪክ ማጣራቱን ማለፍ ግን አለበት።

በናይሮቢ የሚጠየቀው አሁንም “ለምን” ነው። ፈቃዱን ያገኘ ሰው የመረጠው ሽጉጥ ከበደኝ ወይም አልተደበቀልኝም ብሎ በሌላ ሊለውጠው ቢያስብ፣ የምስክር ወረቀቱ ላይ የሰፈረው የዚያ አንድ መሣሪያ ማንነት ስለሆነ፣ ተመልሶ ቦርዱ ፊት መቅረብ አለበት።