ወለድ ለማስላት ድረ ገጽ ለምን?

የቁጠባና ብድር፣ የትምህርት ቤት፣ የሆስፒታል ሲስተም ለምትሠሩ የሙያ ጓደኞቼ፤

ይህን የምጽፈው ጣት ለመቀሰር አይደለም፤ በምወቅሰው ኮድ ውስጥ የእኔም እጅ አለበት። ግን ነገሩን በቡና ሰዓት እያነሣን፣ ስኒው ሲነሣ አብረን መነሣታችን ሰለቸኝ።

ስሙን በማልጠራው አንድ ድርጅት ውስጥ የቁጠባና ብድር ማኅበራትን ሒሳብ የሚይዝ ሲስተም በጃቫ ሠራን። የብድር ደንቡ ለማንም ይገባል፦ ስድስት ወር ሳያቋርጥ የቆጠበ አባል፣ ሁለት ዋስ ከጠራ የቁጠባውን ሦስት እጥፍ ይበደራል። ይህ ደንብ የተጻፈው ኮንትሮለሩ ውስጥ ነበር፤ ከቅጹ የመጣውን የገንዘብ መጠን ወደ ቁጥር ከሚቀይረው መስመር ሥር፣ ኩኪውን ከሚፈትሸው መስመር ራስጌ። የአባሉ ማንነት የሚገኘው ከሴሽን ነው። ኋላ ላይ ደንቡን ለብቻው «አወጣነው»፤ ስናወጣው ግን ሰርቭሌቱ የሚያቀብለንን ሪኩዌስት እንዳለ አሸክመነው ነው። «የብድር አገልግሎት» የሚል ስም ቢወጣለትም ብሮውዘር ካላንኳኳ አንዲት ብር ማበደር አይችልም ነበር።

ከዚያ አባላቱ በዩኤስኤስዲ እንዲበደሩ ተፈለገ። የአንዲት አባል ስልክ ኢንተርኔት የለውም እንበል። የቴሌኮሙ ጌትዌይ ለእኛ በኤችቲቲፒ ቢያደርስልንም የድረ ገጻችንን ኩኪና ሴሽን ይዞ አይመጣም። ምን አደረግን? የውሸት ሪኩዌስት ፈበረክን። የውሸት ሴሽን ሰጠነው፣ የአባሏን ቁጥር ከተተንበት፣ ከብሮውዘር የመጣ አስመስለን ለአገልግሎታችን አቀበልነው። ሠራ! ያን ቀን እጅ ለእጅ መመታታታችን ትዝ ይለኛል።

ማስመሰሉ የተጋለጠው ብድር የተከለከለ ሰው ሲመጣ ነው። አገልግሎቱ «ዋስ ጎድሏል» ማለት አያውቅም፤ የሚያውቀው 400 ብሎ የስህተት ገጽ መላክ ነው። የዩኤስኤስዲ መልእክት ደግሞ 160 ባይት ነው፤ እያንዳንዱ ፊደል 2 ባይት ስለሚወስድ ለአማርኛ 80 ፊደል ብቻ ይተርፋል። ስለዚህ የገጹ አናት ተቆርጦ በአባሏ ስልክ ላይ ወጣ። ጉሊት የምትውል ሴት «400» የሚል ቁጥር ስታይ 400 ብር የተፈቀደላት ቢመስላት ማን ይፈርድባታል?

የባሰው የወለዱ ነው። ወር ሲያልቅ ወለድ የሚያስበው ኮድም ሪኩዌስት ይጠብቅ ስለነበር፣ ክሮን እኩለ ሌሊት ላይ የራሳችንን ድረ ገጽ አድራሻ ይጠራል፤ ቤቱ ውስጥ ሆኖ የገዛ በሩን በውጭ በኩል እንደሚያንኳኳ ሰው። አባላት ሲበዙ ሥራው ከአንድ ደቂቃ አለፈ። ፊት ለፊት የቆመው ኢንጂንኤክስ ካልነኩት 60 ሰከንድ ጠብቆ ተስፋ ይቆርጣል፤ 504 መለሰ። የክሮኑ ስክሪፕትም ሥራው የከሸፈ መስሎት ደግሞ ጠራ። የመጀመሪያው ግን አልቆመም ነበር፤ ከኋላ ሆኖ እየሠራ ነው። ጠዋት ላይ ቁጠባ ሁሉ ሁለት ጊዜ ወለድ ወልዶ አገኘነው። ቅር ያለው አባል አልነበረም፤ የሒሳብ ሹሟ ግን ለሳምንት አላናገረችንም።

ዳኛ ባለጉዳዩ በታክሲ ይምጣ በእግሩ አይጠይቅም። የብድር ደንብም እንዲሁ ነው፤ የሚያስፈልገው የአባልና የዋሶች ቁጥር፣ የብር መጠንና ቀን ብቻ ነው። መልሱም «ተፈቅዷል»፣ «ቁጠባው አልደረሰም»፣ «ዋስ ጎድሏል» ይሁን። ይህን ወደ 200 ወይም 409 መተርጎም በር ላይ የቆመው የኮንትሮለሩ ፈንታ ነው፤ ወደ 80 ፊደል ማሳጠር የዩኤስኤስዲው። ክሮን ግን ማንንም ሳያንኳኳ ደንቡን በቀጥታ ይጥራ። ቀኑም ቢሆን ከኢትዮጵያ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር በር ላይ ተቀይሮ ይግባ። (አንዱ በር ቀይሮ፣ ውስጡ ደግሞ እንደገና ቢቀይረው ከሰባት ዓመት በላይ እንስታለን፤ ጳጉሜንን ሳልቆጥር ነው።)

ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። አሊስተር ኮክበርን ይህንኑ «ፖርቶችና አዳፕተሮች» ብሎ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። የድሮው የጃቫ ዌብ ማዕቀፍ ስትራትስ ለእያንዳንዱ አክሽን ሪኩዌስቱንና ሪስፖንሱን እጁ ላይ ያስቀምጥ ነበር፤ ስትራትስ 2 ግን ሁለቱንም ከእጁ ወስዶ አንዲት የውጤት ቃል እንዲመልስ ብቻ ጠየቀው። ኮንትሮለር እንኳ ከኤችቲቲፒ ሊላቀቅ ከቻለ የብድር ደንብ ምን ነካው? ስፕሪንግ ቡት 3 እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 ሲወጣ የሚጠቀምበት ሰርቭሌት ስም ከጃቫኤክስ ወደ ጃካርታ ተቀየረ። እኛም ወደ እሱ ስንሸጋገር የወለድ ስሌቱን ፋይሎች ሁሉ ከፍተን አስተካከልን። በወለዱ ላይ የተለወጠ አንድም ነገር አልነበረም።

«የእኛ ሲስተም ትንሽ ነው፣ ሦስት ቅጽ ብቻ» የምትሉኝ አላችሁ። ለሦስት ቅጽ አምስት ንብርብር የሚገነባውን ሰው እኔም አልወደውም፤ እሱም ሌላ በሽታ ነው። እዚህ የምጠይቀው ግን ንብርብር ሳይሆን አንድ ተራ ፈንክሽን ነው። ልኩን ለማወቅ ሰርቨር ሳታስነሡ የብድር ደንቡን ፈትኑት፤ ካልቻላችሁ ደንቡ ገና በር ላይ ነው።

ኤችቲቲፒን እየጠላሁት አይደለም። መሸጎጥ፣ ወደ ሌላ ገጽ ማሳለፍ፣ 404 ማለት፣ ይህ ሁሉ ክቡር ሥራ ነው፤ ቦታው ግን ደጅ ላይ ነው።

ያ የውሸት ሪኩዌስት እስከ ዛሬ አለ። ሰኞ ላወጣው ተነሥቻለሁ፤ ሦስት ቦታ ተሰክቷል፣ አንዱን የሰካሁት እኔ ነኝ። ሁለቱን የሰካችሁ ልጆች ወንበር ይዛችሁ ኑ።

ባልደረባችሁ