ሆድ ሲባባ የማይጠይቅ ፈተና

በሳይኮሎጂ ማስተርስ ልታመለክቱ ትራንስክሪፕት የምታሯሯጡ ልጆች፣ የምትፈተኑት ሌላ፣ የምትሠሩት ሌላ ነው። እኔም አመልካች ነኝ፤ ከውጭ ሆኜ አይደለም የምጮኸው።

ጋት ሒሳብና የእንግሊዝኛ ንባብ ይጠይቃል። ይጠይቅ፤ ስታትስቲክስ ያስፈራው ሰው ጥናት አይሠራም። አሜሪካ ላሰበም ጂአርኢ 220 ዶላር ያስከፍላል፣ የሚመዝነው ግን ያንኑ ነው። (ዶላሩ ከየት ይመጣል? እሱ ሌላ ጣጣ ነው።)

ነገ ባሕር ዳር ቢሯችሁ የምትገባው እናት ግን «ዲፕሬሽን አለብኝ» አትልም። «ሆዴን ባር ባር ይለኛል» ነው የምትለው። «ሰው አስጠላኝ»፣ «ራሴን ያነደኛል»። ወደ እናንተ ከመምጣቷ በፊት ጸበል ተጠምቃለች፣ ወንዛዬ ፍል ውሃ ሰንብታለች። ይሄን ስትነግራችሁ ፊታችሁን ሳታጨማድዱ «እዚያ እያሉ እንቅልፍ ይወስድዎት ነበር?» ብሎ መጠየቅ ሙያ ነው። የትኛው የመግቢያ ፈተና ላይ አያችሁት? የዓላማ መግለጫውንስ ቢሆን በእንግሊዝኛ አይደል የምንጽፈው? የጓደኞቼን አንብቤያለሁ፤ ሁሉም «ከልጅነቴ ጀምሮ ሰው መርዳት እወዳለሁ» ይላል። ማን ይጠላል?

«ቃለ መጠይቅ ከተጨመረ ዘመድ ያለው ይገባል» ትሉኛላችሁ። እውነት ነው፤ ኮምፒውተር አጎት የለውም። እንግዲያው ድምፁ ይቀዳ፣ ስም ይነሳ፣ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ያርመው። ሩብ ሰዓት ይበቃል፤ ታካሚ ሆኖ የሚያወራ አንድ ሰው፣ የሚያዳምጥ አንድ አመልካች። ባሕር ዳር ለሚሠራ በአማርኛ፣ እንጅባራ ለሚሠራ በአዊኛ።