ቅርሳችን ተራራው ላይ ብቻ አይደለም



«በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» ይላል ያገራችን ሰው። እኛም ደባርቅ ላይ ይህንኑ ተረት በየቀኑ እየፈጸምነው ነው። የሩቅ አገር ሰው ባሕር ተሻግሮ፣ ከጎንደርም 100 ኪሎ ሜትር ያህል በመኪና ተጉዞ የሚመጣበትን አገር እኛ በሩ ላይ ቁጭ ብለን «ይሄ ገደል ደግሞ ምን አለው?» እንላለን። ስለዚህ በዚህ ወር ስለ ቅርሳችንና ከሠፈራችን ሥር ስለሚያልፈው ወንዝ ጥቂት መነጋገር ያስፈልጋል።

በመጀመሪያ ያለንን እንቁጠር። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1962 ዓ.ም. በሕግ ታወጀ። በ1970 ዓ.ም. ማለቂያ ደግሞ ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ብሎ መጀመሪያ ከመዘገባቸው 12 ቦታዎች አንዱ ሆነ፤ ካገራችን አብሮት የተመዘገበው ላሊበላ ነው። የፓርኩ ጽሕፈት ቤትም እዚሁ ከተማችን ውስጥ ነው። ዋልያ በዱር የሚኖረው በዓለም ላይ ስሜን ብቻ ነው። የኳስ ብሔራዊ ቡድናችን እንኳ «ዋልያዎቹ» እየተባለ ይጠራል። ጭላዳው፣ ቀይ ቀበሮው፣ ጅብራው፣ ከግጭ አጠገብ ገደል ለገደል የሚወርደው የጅንባር ፏፏቴ፣ ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍ ያለው ራስ ደጀን፣ ይህ ሁሉ የኛው ጓሮ ነው።

ታሪኩም ቢሆን ቀላል አይደለም። ደጃች ውቤ ያሠሩት የደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ጃናሞራ ውስጥ ነው። ካሣ ኃይሉ በየካቲት 1847 ዓ.ም. እዚያው ደረስጌ ላይ ውቤን ድል ነስተው፣ በዚያችው ቤተ ክርስቲያን በአቡነ ሰላማ እጅ ዘውድ ጫኑና አፄ ቴዎድሮስ ተባሉ። ከደባርቅ ወደ ዛሪማ የሚወርደውን የሊማሊሞን ጠመዝማዛ መንገድ ደግሞ ጣሊያን በወረራው ዘመን ነው የሠራው። ሾፌር ሁሉ ዛሬም ስሙን ሲሰማ መሪውን ጠበቅ ያደርጋል። ታዲያ ከልጆቻችን ስንቱ ነው ይህን የሚያውቀው?

ቅርስ ግን በነፃ አይጠበቅም፤ ዋጋ የሚከፍል ሰው አለ። የዋልያው ቁጥር ስላነሰ፣ እርሻውና ግጦሹም ስለገፋ፣ በ1989 ዓ.ም. ፓርኩ አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ። ከዚያ መዝገብ የወጣው በ2009 ዓ.ም. ነው። እንዲወጣ ካደረጉት ነገሮች አንዱ የግጭ መንደር ሰዎች በ2008 ዓ.ም. ቀያቸውን ለቀው ደባርቅ መስፈራቸው ነው። ገብሱን የሚዘራ፣ በጉን የሚያረባ ገበሬ በሬውን ሸጦ ከተማ ገባ። ዓለም «ስሜን ዳነ» ብሎ ሲደሰት ዋጋውን የከፈሉት እነዚህ ጎረቤቶቻችን ናቸው። ዛሬ አንዳንዱ ሰው «የግጭ ሰፋሪ» እያለ በጎን ያያቸዋል። ይሄ ነውር ነው! ዋልያ በየት እንደሚወርድ፣ ጭላዳ የት እንደሚያድር ከነሱ በላይ የሚያውቅ አለ ወይ?

ከዚህም ሌላ በ2011 ዓ.ም. ፓርኩ ሲቃጠል ሄሊኮፕተሩ ከኬንያ፣ ባለሙያው ከእሥራኤል እስኪደርስ ድረስ ቅጠል ቆርጦ እሳቱን ሲደበድብ የነበረው ያካባቢው ሰው ነው። በ2013 ዓ.ም. ማለቂያ ጦርነቱ ወደ ደጃችን ሲቀርብ፣ ዳባት ጭና ላይ ያ ሁሉ ሰው ሲያልቅ፣ እንግዳው ቀረ፤ በቅሎ አከራዩም፣ አስጎብኚውም፣ ምግብ አብሳዩም ሥራ ፈታ። በዱር እንስሳቱም ላይ፣ በተለይ በዋልያው ላይ ጉዳት ደርሷል። ስለዚህ የቅርስ ነገር የፈረንጅ ነገር ብቻ አይደለም፤ የእንጀራችን ነገር ነው።

አሁን ወደ ወንዛችን እንምጣ። ከስሜንና ከወገራ የሚነሣው አብዛኛው ውኃ ዞሮ ዞሮ አትባራ ገብቶ ዓባይን ይቀላቀላል። ይህች ከሥራችን የምታልፈውም ወንዝ ብታንስም የዚያው ቤተሰብ ናት። ታዲያ ምን እያደረግናት ነው? ፌስታሉ፣ የሞተ ውሻው፣ የመኪና የተቃጠለ ዘይቱ፣ አተላው ሁሉ ወደ እሷ ነው። ጥምቀት ሲደርስ እንጠርጋለን፤ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ቆሻሻው ይመለሳል። አጥሩም በየዓመቱ አንድ አንድ ክንድ ወደ ውኃው እየተጠጋ እናቶች ልብስ ለማጠብ፣ ከብትም ለመጠጣት የሚወርድበት መንገድ እየጠበበ ነው። ዳር ዳሩን የተተከለው ባሕር ዛፍ ደግሞ ውኃውን ይመጠዋል። ኋላ «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የተባለው በኛ እንዳይደርስ!

አንዳንድ ሰው «ይህ የመንግሥት ሥራ ነው» ይል ይሆናል። መንግሥት የሚሠራው አለ፤ እኛም ከሚመለከተው ክፍል መጠየቃችንን አንተውም። ነገር ግን ፌስታሉን ወንዝ የጣለው መንግሥት አይደለም። አጥሩንም ያስጠጋነው እኛው ነን።

ስለዚህ ማኅበራችን በሚቀጥለው የወር ስብሰባ የሚከተሉትን አቅርቦ ያወያያል፤

1ኛ. ወደ ወንዙ ቆሻሻ መጣል እንዲቆም፣ ቆሻሻ የሚጠራቀምበት ጉድጓድ በየጎጡ እንዲቆፈር፤

2ኛ. ወደ ወንዙ የሚያወርደው የቀድሞው መንገድ እንዲከፈት፣ አጥሩን ያስጠጋም ሰው ያለ ክስና ያለ ጭቅጭቅ፣ በሽማግሌ ፊት እንዲመልስ፤

3ኛ. በወንዙ ዳር ባሕር ዛፍ መትከል ቀርቶ ኮሶ፣ ወይራና ጽድ እንዲተከል፤ እያንዳንዱ ቤት ሁለት ችግኝ ተክሎ እስኪጠና ድረስ ከከብት እንዲጠብቅ፤

4ኛ. ከግጭ የመጡ ጎረቤቶቻችን ከመካከላቸው ተወካይ መርጠው ወደ ማኅበሩ ኮሚቴ እንዲገቡ፣ ዕድርና ዕቁብም እንዳይዘጋባቸው፤

5ኛ. ስለ ሊማሊሞ፣ ስለ ደረስጌ፣ ስለ ድሮው ደባርቅ የሚያውቁ አባቶችና እናቶች እሑድ ከሰዓት በኋላ ለልጆች እንዲያወሩ፣ ማንበብና መጻፍ የሚችል ወጣትም በደብተር እንዲይዝላቸው።

ይህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ዶማ፣ ችግኝና ልብ ነው የሚፈልገው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፤ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው። እንግዳው ተመልሶ ሲመጣ ተራራውን ከማየቱ በፊት የሚያየው እኛን ነው። እንግዳው ባይመጣ እንኳ ንጹሕ ወንዝ የሚያስፈልገው ለኛው ልጅ ነው።

ስብሰባው ላይ እንዳትቀሩ። እናቶችም ጭምር እንድትገኙ፤ የወንዙን ችግር ከሁሉ ይበልጥ የምታውቁት እናንተ ናችሁና።

የማኅበሩ ጸሐፊ