ፍቅራችንን ያጠነው ማርሚታ

የዛሬው ወሬያችን ስለ መኪና ማርሚታ ነው። «መኪና የለን፣ ማርሚታ ምን ያደርግልናል?» ብላችሁ ገጹን እንዳታልፉት። በሰው መኪና የማይሳፈር የለም። ደግሞም የኔ ነገር ከየትም ብነሳ መድረሻዬ ፍቅር ነው፤ ታውቁኛላችሁ።

እናላችሁ፣ ከአጎቴ የወረስኳት አንዲት ቮልስ አለችኝ። በዕድሜ ትበልጠኛለች። በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ያለችውን መንከባከብ ግድ ሆኗል፤ የኤሌክትሪኳ ከኔ ኪስ ጋር አትተዋወቅም። ታዲያ ባለፈው ክረምት ቮልሴ ድምጿን ከፍ አደረገች። ጠዋት ስትነሳ የሰፈሩ ሕፃን ሁሉ አብሯት ይነሳል። እኔ ሆዬ ማፈር ሲገባኝ ኮራሁ። «ስፖርት መኪና ሆነችልኝ!» እያልኩ ነዳጁን ረገጥ ረገጥ ማድረግ ያዝኩ።

በዚያው ሰሞን የእጮኛዬ ጠባይ ተለወጠ። ለመስከረም ሽማግሌ ልልክ ተነጋግረን የነበረ ልጅ ናት። ማታ ከሥራ ስወስዳት ከአራት ኪሎ ስንነሳ ስትስቅ፣ ስታወራ ቆይታ ሜክሲኮ ስንደርስ ዝም ትላለች። ጀሞ ስንቃረብ ግንባሯን በእጇ ይዛ «ራሴን... ደግሞ አቅለሸለሸኝ» ትላለች። ቤቷ ገብታ ትንሽ ከቆየች በኋላ ስደውልላት ግን ድምጿ ጥርት ያለ ነው። «አሁን ደህና ነኝ» ትለኛለች።

እስቲ ፍረዱኝ! ከኔ ጋር ስትሆን የምትታመም፣ ከኔ ስትለይ የምትድን ሴት ምን ትባላለች? ጓደኛዬን ባማክረው «ወንድሜ፣ ሌላ ሰው ይዛለች» አለኝ። እናቴ ደግሞ በሹክሹክታ «ልጄ፣ ልጅቷ አርግዛ እንዳይሆን» አለችኝ። በበጋ ትወደኝ የነበረች ልጅ በክረምት ጠላችኝ ብዬ ደመደምኩ። እኔንም አልፎ አልፎ ራሴን ያመኝ ነበር፤ እሱን ግን በቢራ አሳብቤ አልፌዋለሁ። አንድ ቀን «መኪናህ ውስጥ ስገባ ያመኛል» ስትለኝ «ምነው፣ የሀብታም መኪና አማረሽ?» ብዬ መለስኩላት። በሩን ከፍታ በዝናብ ወረደች። ሦስት ሳምንት አልተደዋወልንም።

ጉዱን ያወጡት ጎረቤታችን ናቸው። ዕድሜያቸውን በሹፌርነት ያሳለፉ፣ አሁን በጡረታ ላይ ያሉ ጋሼ ናቸው። አንድ ጠዋት ሞተር አስነስቼ መስታወቱ ላይ ያለው ጉም እስኪለቅ ስጠብቅ በቀኝ በኩል ያለውን በር ከፍተው አጎነበሱ። ከእጅ ፍሬኑ አጠገብ ያለችውን የማሞቂያ እጀታ እንድከፍት አዘዙኝ፤ ከዚያ እጃቸውን በተሳፋሪው እግር በኩል ወዳለው የሙቀት ቀዳዳ አስጠጉና አሸተቱ።

«አንተ ልጅ፣ እዚህ ጋ የምትቀመጥ ሰው ራሷን አያማትም?»

ጉልበቴ ከዳኝ። «ሰው» ብለው ጀምረው «ራሷን» ማለታቸውንም ልብ በሉልኝ፤ ሰፈር ሁሉን ያውቃል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቮልስ ሞተር ከኋላ ነው፤ የሚቀዘቅዘውም በውሃ ሳይሆን በአየር ነው። ከሞተሩ የሚወጣው ትኩስ ጭስ በግራና በቀኝ በሁለት ቱቦዎች ሲያልፍ እያንዳንዱን ቱቦ የላሜራ ሳጥን ለብሶታል። የሞተሩ ማራገቢያ በሳጥኑ ውስጥ አየር ይነፋል፤ አየሩ በጋለው ቱቦ ይሞቅና በመኪናዋ ጎን አልፎ እግራችን ሥር ይመጣል። የቀኙ ለቀኝ፣ የግራው ለግራ። የውስጡ ቱቦ ዝጎ ከተበሳ ግን ከሙቀቱ ጋር ጭሱም ይገባል። የኔዋ የተበሳችው በቀኝ በኩል ነበር። በበጋ መስኮት ስለምንከፍት ተርፈናል፤ በክረምት መስኮት ዘግቼ፣ ማሞቂያ ከፍቼ የማገባትን ልጅ አጥናት ነበር ማለት ነው!

ከጭሱ ውስጥ ክፉው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚሉት ነው። ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ጣዕም የለውም። በደማችን ውስጥ ኦክሲጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ኦክሲጅን ራሱ ከሚይዘው ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካም ያመጣል፤ ሲበዛ ራስን ያስታል፣ ይገድላል። በር ዘግቶ ከሰል አንድዶ የተኛ ሰው ጠዋት የማይነሳው በዚሁ ጋዝ ነው። ለነፍሰ ጡር ደግሞ ለፅንሱም ጭምር ያሰጋል። እናቴ እንዳለችው ሆኖ ቢሆን ኖሮስ? ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

አንድ ጋራዥ ብጠይቅ የተጠራልኝ ዋጋ የወር ገቢዬን ግማሽ ይበላል። ጋሼ «ቁልፍ መያዝ ትችል የለ? ግቢያችን ውስጥ እንሠራዋለን» አሉኝ። ሶማሌ ተራ ወርደን ማርሚታውንና አዳዲስ ጓርኒሲዮኖች ገዛን። የማሞቂያ ሳጥኖቹን ግን ያገኘነው ያገለገሉ ነበሩ። ጋሼ ሻጩ ፊት የቱቦውን አንድ ጫፍ በጨርቅና በላስቲክ ወትፈው በሌላው ጫፍ ውሃ ሞሉበት። የመጀመሪያው በላሜራው በኩል ጠብ ጠብ ሲል «መልስ!» አሉ። ሦስተኛው ላይ ነው የተስማሙት። ያገለገለ ዕቃ የምትገዙ ይቺን ያዙልኝ።

ከዋዜማው የዛጉትን ዳዶዎች ዝገት በሚያላቅቅ ዘይት አርሰን አሳደርናቸው። በማግስቱ ሞተሩ ቀዝቃዛ እንደሆነ የኋላውን በክሪክ አነሳሁ። የእጅ ፍሬን ይዣለሁ፣ አንደኛ ማርሽ አስገብቻለሁ፤ ሌላ ምን ቀረኝ? ብሎኬት ደግፌ ጭንቅላቴን ወደ ውስጥ ሳስገባ ጋሼ እግሬን ይዘው ጎተቱኝ። እንደዚያን ቀን ተቆጥተው አላየኋቸውም።

«የእጅ ፍሬኑም ማርሹም የሚይዙት የኋላውን ጎማ ነው! የኋላውን አየር ላይ ሰቅለኸው ምን ይያዝልህ? የፊቱ ጎማ እንዳለ ነጻ ነው። ብሎኬት ደግሞ ክብደት ሲያርፍበት ሳይነግርህ ነው የሚፈርሰው። ሚስት ልታገባ ነው ወይስ ልትቀበር?»

ከዚያ የፊት ጎማዎቹን ከፊትም ከኋላም በድንጋይ ቆለፍን። ከጓደኛቸው ጋራዥ ሁለት የብረት መደገፊያ ተውሰን ጠንካራ መሬት ላይ አቆምን፤ መኪናዋን በእጃችን ገፋ ገፋ አድርገን አለመነቃነቋን ካየን በኋላ ነው የገባሁት። ክሪክ ማንሻ እንጂ መደገፊያ አይደለም። ከዚህ ጽሑፍ ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይቺን አትርሱ።

ሥራው ራሱ ትዕግሥት ነው። መጀመሪያ ማርሚታው ይወርዳል፣ ቀጥሎ የማሞቂያ ሳጥኖቹ። ዳዶው እምቢ ሲል ጉልበት አይጨመርበትም፤ ትንሽ ወደ ማጥበቂያው፣ ትንሽ ወደ መፍቻው እያሉ ማባበል ነው። እኔ ቸኩዬ አንዱን ታገልኩት፤ ቴስታታው ላይ የተተከለው ብሎን «ቋ!» ብሎ ተቆረጠ። ቆጥ አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች አይደል የሚባለው? እሱን ለማውጣት ባለሙያ ጠርተን በግማሽ ቀን ያልቃል ያልነው ሥራ ሁለት ቀን ፈጀ። ዝገቱ ዓይን ውስጥ እንዳይገባ መነጽር አድርጉ። አሮጌው ጓርኒሲዮን አስቤስቶስ ሊኖረው ስለሚችል በደረቁ አትፈቅፍቁት፤ አርጥቡት፣ አቧራውን አትተንፍሱት። አዲስ ማርሚታ በአሮጌ ጓርኒሲዮን መግጠምም ገንዘብ መጣል ነው። ሁሉንም ብሎን በእጅ አስገብታችሁ ዕቃው ቦታ ቦታውን ከያዘ በኋላ በየተራ አጥብቁ።

ስንጨርስ መኪናዋን አውርደን ደጅ፣ ሜዳ ላይ ሞተር አስነሳን። ብረቱ ሳይግል መጋጠሚያዎቹን የሳሙና አረፋ ቀባናቸው፤ አረፋው ካልተነፋ ጭስ አያፈተልክም ማለት ነው። ጥቂት ቀን ከተነዳ በኋላ ሲቀዘቅዝ ጠብቆ ዳዶዎቹን እንደገና መፈተሽ ያስፈልጋል። በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ግን ሞተር አታስነሱ፤ በሩን መክፈት ብቻውን አያድንም። ዘመናዊ መኪና ያላችሁ ደግሞ የናንተው ጭስ ማውጫ ላይ ጭስ የሚያጣራ ዕቃና ሴንሰር ስላለ ለባለሙያ ብትሰጡት ይሻላል።

በማግስቱ እጮኛዬ ቤት ሄድኩ። አበባ አልያዝኩም፤ የያዝኩት በጋዜጣ የተጠቀለለ የዛገ ቱቦ ነው። ላሜራውን ገልጬ ቀዳዳውን አሳየኋት፣ ሁሉንም ነገርኳት። ጣቷን በቀዳዳው አስገባች፣ አወጣች፣ ጥቀርሻውን አየችው። ከዚያ ቀና ብላ እንዲህ አለችኝ፦

«እኔ መኪናህ ያመኛል አልኩህ እንጂ፣ አንተ ታመኛለህ አልኩህ?»

መልስ አልነበረኝም። እስካሁንም የለኝም። እሷ የተናገረችው አንድ ነገር ነበር፤ እኔ የሰማሁት ሌላ። ሦስት ሳምንት ያለያየን ማርሚታው ብቻ አይደለም፣ የኔም ጆሮ ነው።

እና እናንተ፣ መኪና ውስጥ ስትሆኑ ራሳችሁን ካመማችሁ፣ ስትወርዱ ከተሻላችሁ፣ «ይሉኝታ» ብላችሁ ዝም አትበሉ። መስኮት ክፈቱ፣ አስቁሙና ውረዱ። ራሱን የሳተ ሰው ካለ ቶሎ አየር ወዳለበት አውጥታችሁ ወደ ሐኪም ቤት ውሰዱ። የምታሽከረክሩ ደግሞ አጠገባችሁ ያለችው «አመመኝ» ስትል፣ ከልቧ በፊት መኪናችሁን መርምሩ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

ሽማግሌው ለመስከረም ባይደርስም ለጥቅምት ተልኳል። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ማን እንደነበሩ መቼም አይጠፋችሁም። እሷ ግን ዛሬም ቮልሷ ውስጥ ስትገባ መጀመሪያ መስኮቱን ዝቅ ታደርጋለች። እኔም ብርዱን ችዬ ዝም እላለሁ።

ሳምንት በሰላም ያገናኘን!