«መምህሩ ተነሳሽነት አጣ» የምትሉ፣ ቆዩማ!

ወገኔ፣ ይቺን ነገር ሳልናገራት ብቀር ታንቀኛለች።

በየስብሰባው «የመምህራን ተነሳሽነት ቀንሷል» ሲባል መስማት ሰልችቶናል። መፍትሔው ደግሞ ምን መሰለህ? ሥልጠና! አበሉ ለአሠልጣኙ፣ ወቀሳው ለመምህሩ። ደመወዙ ዘግይቶ፣ ከባለሱቅ ዱቤ እየለመነ፣ ጠዋት ግን ጠመኔውን ይዞ ክፍል የሚገባ ሰው ተነሳሽነት ከሌለው ማን ሊኖረው ነው?

በ2017 የትምህርት ዘመን በአማራ ክልል ከ4 ሚሊዮን በላይ ልጆች ከትምህርት ውጪ ሆነዋል። ይህን ቁጥር ወደ ቦረና፣ ወግዲ፣ ከለላና ሳይንት አምጣና አስበው። በሐምሌ 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ሲታወጅ አንደኛ ክፍል ሊገባ የነበረ ልጅ ዛሬ ስሙን መጻፍ ይችላል? ያ ልጅ እኮ የእኔና የአንተ ወንድም ነው። መካነ ሰላም የዩኒቨርሲቲ ካምፓስ አላት ብለን እንኮራለን፤ ከታች ፊደል የቆጠረ ከጠፋ ማን ሊገባበት?

መንግሥት ይወቀስ፣ ይገባዋል። ትምህርት ቤትን ካምፕ ያደረገ፣ መምህርን በጥርጣሬ ያሰረ ከወቀሳ አያመልጥም። ዛሬ ግን የመጣሁት ወደ እኛው ነው። «ካስተማርክ የመንግሥት ነህ» እያለ መምህር የሚያስፈራራ፣ የእኛ ነኝ ባይ አለ። አንዱ «ለምን አታስተምርም?» ይለዋል፣ ሌላው «ለምን ታስተምራለህ?»። መሐል የቀረው ባለጠመኔው ነው። ይሄ ለአማራ መታገል ነው እንዴ? ኧረ በፈጠራችሁ!

ደግሞ መምህር ትግል አስተማሪ አያሻውም። በየካቲት 1966 ሥራ ያቆሙት መምህራን የደመወዝ ጥያቄ ብቻ አልነበራቸውም፤ አብዛኛውን የድሃ ልጅ ከ4 ዓመት ትምህርት በላይ የማያሻግረውን ሴክተር ሪቪው ጭምር ተቃውመው ነው። የመምህራን ማኅበሩ መሪ አሰፋ ማሩ ሚያዝያ 30 ቀን 1989 አዲስ አበባ ላይ በፖሊስ ጥይት ሲወድቅ መሣሪያ አልያዘም። መምህር ሥራ ማቆም ሲፈልግ ራሱ ተመካክሮ፣ ራሱ ወስኖ ያቆማል። እኛ በማስፈራሪያ የምናስቆመው ማን ሆነን ነው?

አንተን ሀ ሁ ያስቆጠሩህ መምህር ዛሬ የት ናቸው? ደውልላቸው። ቤት ኪራይ ከብዷቸው እንደሆነ ከጓደኞችህ ጋር አዋጣ። መምህር የሚያስፈራራ ጓደኛ ካለህ ፊት ለፊት «ተው» በለው፣ ቢቀየምህም ይቀየምህ።

ወረዳዎችም፣ የዘገየውን ደመወዝ ክፈሉ። ሥልጠናው ይቆየን።