የዋንዛው በር አይጣል

አማኑኤል ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የማቻከል ወረዳ ከተማ ናት። እዚህም ሆነ በሌሎች የደጋ ከተሞች፣ ቀለሙ የለቀቀ የዋንዛ በር ወይም ቡፌ ሲታይ «ይውጣና በአዲስ ይተካ» ማለት ይቀናል።

ይህ ትልቅ ስሕተት ነው።

ዋንዛ እንደ ልብ የሚገኝ እንጨት አይደለም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ዋንዛን፣ ዝግባን፣ ጥድንና ኮሶን ከመንግሥትና ከክልል ደኖች መቁረጥን ከልክሎ ነበር። እንዲህ ያለ እንጨት በኮምፔንሳቶ መለወጥ የለበትም። ያረጀውም አብዛኛውን ጊዜ ላዩ ብቻ ነው፦ የወጥ ቤት ጭስ፣ የእጅ ቅባትና የመስኮት ፀሐይ ቫርኒሹን ያደበዝዙታል፤ ከሥሩ ያለው እንጨት ግን ጤነኛ ነው።

አሠራሩ ከቤተሰብ አቅም አይወጣም። በመጀመሪያ በሳሙና ውኃ ተነክሮ በደንብ በተጨመቀ ጨርቅ ይጸዳል፤ ይደርቃል። ከዚያ በቁጥር 220 ብርጭቆ ወረቀት የእንጨቱን መስመር ተከትሎ በስሱ ይታሻል፤ አቧራው ይጠረጋል። የእንጨት ቀለሙ በማይታይ ቦታ ተሞክሮ የገረጣው ላይ ብቻ ይቀባል። በመጨረሻ ቫርኒሹ ሁለት ጊዜ በስሱ ይደረባል፤ ሁለተኛው የሚቀባው የመጀመሪያው ሲደርቅ ነው።

በክረምቱ እርጥበት ቫርኒሽ ቶሎ ስለማይደርቅ፣ ለጎጃም ደጋ በጋው ይመረጣል። መስኮት ይከፈት። የተልባ ዘይት ያለበት ቫርኒሽ የነካው ጨርቅም ተጠቅልሎ ከተጣለ በራሱ ሊቀጣጠል ስለሚችል፣ ውጭ ተዘርግቶ ይድረቅ።

የከተማዋ አናጺዎችም አዲስ ዕቃ እንደሚሸጡ ሁሉ፣ እድሳትን በግልጽ ዋጋ ቢያቀርቡ ብዙ በር ይተርፋል።