«መለዋወጫ የለም» ከመባሉ በፊት፦ ስለ ነባር የኤሌክትሮኒክስ መለኪያ መሣሪያዎች ጥገናና አወጋገድ

በዩኒቨርሲቲ ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ «አይሠራም» የሚል ወረቀት የተለጠፈበት ኦሲሎስኮፕ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ምክንያቱ ሲጠየቅ በአብዛኛው የሚሰጠው መልስ አንድ ነው፤ «መለዋወጫ የለውም» የሚል። መሣሪያው ዓመታት አቧራ ለብሶ ከቆየ በኋላ ከተሰበረ ወንበርና ጠረጴዛ ጋር ተደባልቆ ለሐራጅ ይቀርባል፤ ዋጋውም በብረቱ ክብደት ይገመታል። ይህ ጽሑፍ የሚሞግተው በዚህ አሠራር ላይ ነው። የመለዋወጫ ፍለጋ በመጀመሪያ ደረጃ የግዢ ሳይሆን የዕውቀት ሥራ ነው፤ ዩኒቨርሲቲዎችም መለዋወጫ አጣን እያሉ ዋነኛውን የመለዋወጫ ምንጭ በገዛ እጃቸው እያስወገዱ ነው።

«መለዋወጫ የለም» የሚለው አባባል ሦስት የተለያዩ ሁኔታዎችን በአንድ ስም ይጠራል። የመጀመሪያው፣ ክፍሉ ዛሬም እየተመረተ የትኛው ክፍል እንደተበላሸ ያልታወቀበት ነው። ሁለተኛው፣ ክፍሉ በገበያ ላይ እያለ ስሙ የተሰወረበት ነው። ሦስተኛው፣ ክፍሉ በእርግጥ ከምርት የወጣበት ነው። ሦስቱ የየራሳቸው መፍትሔ ስላላቸው ሳይለዩ መፍረድ ስሕተት ነው።

ለመጀመሪያው ሁኔታ እ.ኤ.አ. በ1972 ለገበያ የቀረበው ቴክትሮኒክስ 465 ጥሩ ምሳሌ ነው። ይህ ባለ ሁለት ቻናል የ100 ሜጋኸርዝ ኦሲሎስኮፕ ሥራ ሲያቆም ከተለመዱት ምክንያቶች አንዱ በኃይል መስመሮቹ ላይ ያሉት የታንታለም ካፓሲተሮች ሾርት ማድረጋቸው ነው። ከባቄላ ፍሬ የማትበልጥ አንዲት ካፓሲተር ሾርት ስታደርግ የመስመሩ ቮልቴጅ ይወድቃል፤ በዚያ መስመር የሚሠራው ሁሉ አብሮ ይቆማል። ለተመልካች ሙሉ መሣሪያው የሞተ ይመስላል፤ የሞተው ግን ምትኩ ዛሬም በቀላሉ የሚገኝ ርካሽ ክፍል ነው። ኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተሮችም በዕድሜ ብዛት ውስጣቸው እየደረቀ አቅማቸውን ያጣሉ። ምትካቸው ሲመረጥ የቮልቴጅ መጠኑ ከቀድሞው እንዳያንስና ሙቀት የመቋቋም ደረጃው 105 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዲሆን ማድረግ ይበጃል። እዚህ ላይ የጎደለው መለዋወጫ ሳይሆን ሰርኪዩቱን ተከትሎ ብልሽቱን የሚያገኝ ሰው ነው።

ሁለተኛው ሁኔታ የስም ጉዳይ ነው። ቴክትሮኒክስና ሂውሌት ፓካርድን የመሰሉ አምራቾች ከሌሎች ኩባንያዎች የገዟቸውን ክፍሎች ጭምር በራሳቸው ቁጥር ይመዘግቡ ነበር። በቴክትሮኒክስ አሠራር በ151 የሚጀምር ቁጥር ትራንዚስተርን፣ በ152 የሚጀምር ዳዮድን ያመለክታል። 151-0190-00 የሚል ቁጥር ይዞ ገበያ የወጣ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል፤ ያ ቁጥር ግን 2ኤን3904 የተባለውን፣ የኤሌክትሮኒክስ ተማሪ ሁሉ የሚያውቀውን ተራ ትራንዚስተር የሚያመለክት ነው። የሁለቱን ስሞች ዝምድና የሚያሳየው ከመሣሪያው ጋር የመጣው የጥገና መመሪያ ነው። መመሪያው ከሰርኪዩት ንድፉና ከአሠራሩ ማብራሪያ ጋር የክፍሎችን ዝርዝር፣ አልፎ አልፎም የመጀመሪያውን አምራች ስምና ቁጥር ይዟል። መመሪያው በጠፋበት ቤተ ሙከራ የሚገኘው ክፍል እንደማይገኝ ይቆጠራል።

ሦስተኛው ሁኔታ እውነተኛ እጦት ነው፤ ሆኖም ከገበያ የጠፋ ሁሉ ከእጅ የጠፋ አይደለም። ሂውሌት ፓካርድ 8640ቢ የተባለው የምልክት ማመንጫ ውስጥ ያሉት የፕላስቲክ ማርሾች በዕድሜ ብዛት እንደሚሰነጠቁ ይታወቃል። ማርሽ ግን ቅርጹ የሚለካ፣ ጥርሱ የሚቆጠር ነገር ነው፤ የሜካኒካል ምሕንድስና ወርክሾፕ ከነሐስ ሊያወጣው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣው ቴክትሮኒክስ 2465 ውስጥ ያለው፣ የብርሃን ነጥቡን ወደ ጎን የሚያንቀሳቅሰውን ምልክት የሚያጎላው ቺፕ ግን እንዲህ አይደለም። ለዚህ ቤተሰብ መሣሪያዎች ብቻ የተሠራ በመሆኑ ሲቃጠል በሌላ አይተካም። የካቶድ ሬይ ቲዩብም እንዲሁ ነው። ለእነዚህ ክፍሎች የቀረው ዋነኛ ምንጭ አንድ ነው፤ በሌላ ምክንያት ሥራ ያቆመ ተመሳሳይ መሣሪያ።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ የሚጠፋው መለዋወጫ ዕቃ ሳይሆን ቁጥር ነው። በኋለኞቹ የ2465ቢ መሣሪያዎች የካሊብሬሽን ቁጥሮች የተቀመጡት ባትሪው ከውስጡ በታሸገ የማስታወሻ ቺፕ ላይ ነው። ባትሪው ሲያልቅ ቁጥሮቹ ይጠፋሉ። ባትሪው ሳይሞት ይዘቱን አንብቦ ያስቀመጠ ቤተ ሙከራ በአዲስ ቺፕ ላይ ሊገለብጠው ይችላል፤ ያላስቀመጠ ግን ሙሉውን ካሊብሬሽን እንደገና ለመሥራት ይገደዳል።

ከዚህ የሚከተለው መደምደሚያ ግልጽ ነው። የማይሠራ መሣሪያ ቆሻሻ ሳይሆን ክምችት ነው። በመርካቶ ምናለሽ ተራ ያሉ ባለሙያዎች ከተጣለ በርሜልና ቆርቆሮ ምን እንደሚወጣ ጠንቅቀው ያውቃሉ። ከኦሲሎስኮፕ ውስጥ የትኛው ቺፕ ለየትኛው መሣሪያ እንደሚሆን ማወቅ ያለበት ግን ዩኒቨርሲቲው ነው። መሣሪያው በክብደት ሲሸጥ ብረቱ ዋጋ ያገኛል፤ ምትክ የሌለው ቺፕ ዋጋ ሳያገኝ አብሮ ይሄዳል።

በዚህ ሐሳብ ላይ የሚነሣው ጠንካራ ተቃውሞ፣ አዳዲስ ዲጂታል ኦሲሎስኮፖች በዋጋ ስለረከሱ በአሮጌ ላይ መድከም ጊዜ ማባከን ነው የሚለው ነው። ለተለመደ የመማሪያ ልኬት ይህ በአብዛኛው ትክክል ነው፤ ሁሉም መሣሪያ ይጠገን የሚል አቋም አያስኬድም። ሆኖም እንደ 8640ቢ ያለ ንጹሕ ምልክት የሚያመነጭ መሣሪያ በአነስተኛ ዋጋ በቀላሉ የሚተካ አይደለም። የውስጥ አሠራሩን እስከ መጨረሻዋ ሬዚስተር የሚያስረዳ መመሪያ ይዞ የሚመጣ አዲስ መሣሪያ ማግኘትም አስቸጋሪ ነው። ከዚህም በላይ ተቃውሞው የጽሑፉን ሐሳብ ያጠናክረዋል እንጂ አያፈርሰውም፤ ሊጠገን የማይገባው መሣሪያ ሊጠገን ለሚገባው መለዋወጫ ይሆናልና።

ሌላው ሥጋት የምርምር ውጤት ተአማኒነት ነው፤ ይህ ሊናቅ አይገባም። የ100 ሜጋኸርዝ ኦሲሎስኮፕ የራሱ የመነሻ ጊዜ 3.5 ናኖሰከንድ ያህል ነው። ተገቢ ባልሆነ ምትክ ክፍል ምክንያት አቅሙ ወደ 50 ሜጋኸርዝ ቢወርድ ይህ ጊዜ ወደ 7 ናኖሰከንድ ከፍ ይላል። ይህን ያላወቀ ተማሪ በመመረቂያ ጽሑፉ ላይ የሚያሰፍረው የሰርኪዩቱን ጠባይ ሳይሆን የመሣሪያውን ድክመት ይሆናል። የድሮ ሴሊኒየም ሬክቲፋየር በሲሊከን ዳዮድ ሲተካም የዳዮዱ የቮልቴጅ ኪሳራ አነስተኛ በመሆኑ የውጤቱ ቮልቴጅ ከታሰበው በላይ ይጨምራል፤ ትርፉን የሚቀንስ ሬዚስተር ካልታከለበት ሌሎች ክፍሎች ይጎዳሉ። ሐሰተኛ ምልክት የታተመባቸው ክፍሎችም በገበያ ላይ አሉ። ስለዚህ መተካት ብቻውን በቂ አይደለም፤ የተተካው ክፍል፣ የተመረጠበት ምክንያትና ከጥገናው በኋላ የተገኘው ልኬት በጽሑፍ ሊቀመጥ ይገባል። ዛሬ ይህ ዕውቀት ያለው በአብዛኛው በነባር የቤተ ሙከራ ቴክኒሻኖች አእምሮ ውስጥ ነው፤ እነርሱ በጡረታ ሲሰናበቱ አብሮ ይሰናበታል።

መፍትሔው ትልቅ በጀት አይጠይቅም። አንደኛ፣ የጥገና መመሪያዎች ከየመሳቢያው ተሰብስበው በዲጂታል ቅጂ ይቀመጡ፤ በባትሪ የተያዙ የማስታወሻ ይዘቶችም ከመጥፋታቸው በፊት ይነበቡ። ሁለተኛ፣ ማንኛውም የመለኪያ መሣሪያ ለሐራጅ ከመቅረቡ በፊት የንብረት አስተዳደር ደንቡ በሚፈቅደው መሠረት በባለሙያ ይፈተሽ፤ ምትክ የሌላቸው ክፍሎቹ ተለይተው ይመዝገቡና ይቀመጡ። የካቶድ ሬይ ቲዩብ በሺዎች የሚቆጠር ቮልት ይዞ ሊቆይ ስለሚችል ሥራው ልምድ ባለው ቴክኒሻን መሪነት እንጂ በተማሪ ድፍረት መከናወን የለበትም። ሦስተኛ፣ እያንዳንዱ የተጠገነ መሣሪያ የጥገና መዝገቡ ከጎኑ ይቀመጥ፤ በእርሱ የለካ ተመራማሪም መዝገቡን በጽሑፉ ውስጥ ይጥቀስ።

አራተኛው እርምጃ ከአንድ ተቋም አቅም በላይ ነው። አንድ ዩኒቨርሲቲ የሚፈልገው ቲዩብ በሌላው ግምጃ ቤት ያለ ሥራ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱን የሚያገናኝ የጋራ ዝርዝር ግን ያስፈልጋል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንዲሉ፣ ለአንድ ቤተ ሙከራ ሸክም የሆነው ክምችት ለብዙዎች ሀብት መሆን ይችላል። ለዚህ የመጀመሪያው ሥራ «አይሠራም» በሚለው ወረቀት ላይ አንድ መስመር መጨመር ነው፤ በውስጡ አሁንም የሚሠራው ምን እንደሆነ።